በተጫነው ወይስ በወረደው? የ1790 የግዞተኞች መርከቦች የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

በኢኮኖሚክስና በማኔጅመንት ትምህርት ላይ ደጋግሞ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። እንግሊዝ እስረኞቿን በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ታግዝ ነበር። ለመርከብ ባለቤቶቹ የምትከፍለው በጫኑት ሰው ቁጥር ነበር። ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ከዚያ አንድ ብልህ ሰው ተነስቶ "በሕይወት ለወረደው ብቻ እንክፈል" አለ። ሞት ቆመ። ታሪኩ አጭር ነው፣ ለመምህር ይመቻል፣ ተማሪም አይረሳውም።

ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ክፍያው ከተቀየረ በኋላም ከተሳፋሪው ሲሶ የሚጠጋው ያለቀበት መርከብ አለ። ነገሩ በእርግጥ የተስተካከለው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያስተካከለውም ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሙሉውን ጉዳይ መመዝገብ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

መርከቦችንና ኩባንያውን በስማቸው እጠራለሁ፤ ሰዎቹን ግን በሥራቸው ብቻ። አንዱን ካፒቴን ሰይጣን አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ማየት የፈለግሁት አሠራሩን ነው። የዓመታቱ አቆጣጠር የአውሮፓውያን ነው።

ዳራ

እንግሊዝ እስረኛን ባሕር ማዶ መላክ የጀመረችው በአውስትራሊያ አይደለም። በ1718 የወጣ ሕግ ወንጀለኞችን ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ማጋዝን መደበኛ ቅጣት አደረገው። እስከ 1775 ድረስ 50 ሺህ ያህል ሰው ተላከ። አሠራሩ ንግድ ነበር። ነጋዴው እስረኛውን ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያደርሰዋል፤ እዚያ የ7 ወይም የ14 ዓመት ጉልበቱን ለእርሻ ባለቤት ይሸጣል። እስረኛው መንገድ ላይ ከሞተ ነጋዴው ከሰረ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ "በሕይወት የወረደ ነው ገንዘብ" የሚለው ስሌት ያኔም ነበር። ሆኖም ብዙዎቹ ከእስር ቤት ተስቦ ይዘው ይሳፈሩ ስለነበር መንገድ ላይ የሚሞተው ቀላል አልነበረም።

የአሜሪካ ጦርነት ይህን በር ዘጋው። እስር ቤቶቹ ሞሉ። ከ1776 ጀምሮ ያረጁ መርከቦች ቴምዝ ወንዝ ላይ ቆመው እስር ቤት ሆኑ። ለጊዜው ነበር የተባለው፤ እስከ 1857 ቆየ። (ለጊዜው የተባለ ነገር የትም አገር ያው ነው።) በ1786 መንግሥት እስረኞቹን ወደ ቦታኒ ቤይ ለመላክ ወሰነ። ቦታው ዛሬ ሲድኒ ያለችበት አካባቢ ነው።

የመጀመሪያው ዙር 11 መርከብ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1787 ከፖርትስመዝ ተነስቶ ከ8 ወር በላይ ተጓዘ። ከ700 በላይ እስረኞች ተሳፍረው መንገድ ላይ የሞቱት ከ30 አይበልጡም። ለዘመኑ ይህ የሚደንቅ ነው። ቅኝ ግዛቱን እንዲገዛ የተሾመው ሰው ከመነሳቱ በፊት ስለ ትኩስ ሥጋ፣ ስለ ልብስና ስለ መድኃኒት ከቢሮዎቹ ጋር ለወራት ተጨቃጭቋል። በቴነሪፍ፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮና በኬፕ ታውን ቆሞ ትኩስ ምግብ አስጭኗል። ከሁሉ በላይ ግን እሱ ራሱ አብሮ ተሳፍሯል። እዚያ ደርሶ ቤት የሚሠራው፣ መሬት የሚቆፍረው በእነዚሁ ሰዎች ጉልበት ነው። ሰዎቹ ቢሞቱበት የሚቸገረው ራሱ ነበር።

ችግሩ

የሁለተኛውን ዙር ውል የወሰደው ካምደን፣ ካልቨርት እና ኪንግ የተባለ የለንደን ኩባንያ ነው። በባሪያ ንግድ የሚታወቅ ቤት ነው። ክፍያው በአንድ እስረኛ 17 ፓውንድ ከ7 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ነበር። ምግቡም፣ ልብሱም፣ ጉዞውም ከዚያው ነው። የሚቆጠረው የተሳፈረው ሰው ነው። ሲድኒ በሕይወት ይድረስ አይድረስ ውሉ አይጠይቅም።

ኔፕቱን፣ ሰርፕራይዝና ስካርቦሮ የተባሉት ሦስት መርከቦች ጥር 19 ቀን 1790 ጉዞ ጀመሩ። የጫኑት ወደ 1,000 እስረኛ ነው። እግር ብረቱ ለባሪያ መርከብ የተሠራው ዓይነት ነበር። ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶች የሚያገናኘው ሰንሰለት ሳይሆን አጭር ድፍን ብረት ነው። ሰው እግሩን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ መርከቡ ሲናጥ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። ሰርፕራይዝ ትንሽ መርከብ ነበረች፤ ማዕበል ሲመጣ ውኃ ታስገባለች። እስረኞቹ ከታች ጓዳ ውስጥ ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ የተቀመጡበት ጊዜ ነበር። ምግቡ ከተመደበው በታች ነው የሚሰጣቸው። አንዱ ሲሞት አጠገቡ የታሰሩት ድርሻውን ለመብላት ሬሳውን ይደብቁ ነበር።

ሦስቱ መርከቦች ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲድኒ ደረሱ። መንገድ ላይ የሞቱት 267 ነበሩ፤ በኔፕቱን ላይ 158፣ በስካርቦሮ 73፣ በሰርፕራይዝ 36። ከአራት ሰው አንድ ማለት ነው። በሕይወት ከደረሱት 486ቱ ታመው ነበር። ብዙዎቹ መቆም ስለማይችሉ እንደ በርሜል በገመድ ታስረው ወረዱ። ከጓዳው ወጥተው ንጹሕ አየር ሲያገኙ እዚያው የሞቱም ነበሩ። የቅኝ ግዛቱ ቄስ ወደ ሰርፕራይዝ ጓዳ ወርዶ አይቷል። ስካርቦሮ ጋ ሲደርስ ግን ካፒቴኑ አትውረድ ብሎ መከረው፤ የባሰችውን ኔፕቱንን ጭራሽ አልሞከራትም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ጉዞው ረዝሞ ነው እንዳይባል እነዚህ መርከቦች የፈጀባቸው 5 ወር ከጥቂት ቀን ነው። የመጀመሪያው ዙር ከ8 ወር በላይ ፈጅቶበታል። በዚያው ሰኔ ወር መጀመሪያ ላይ ሌዲ ጁሊያና የምትባል መርከብ ከ200 በላይ ሴት እስረኞች ይዛ ገብታ ነበር። መንገድ ላይ ከ10 ወር በላይ ቆይታለች። የሞቱባት 5 ብቻ ናቸው። የእሷ ተቋራጭ ሌላ ነበር። የመንግሥት ተወካይ የባሕር ኃይል መኮንን ነበረባት፤ ጓዳው ይጸዳል፣ በየወደቡ እየቆሙ ይበላሉ። ርቀቱም፣ ባሕሩም፣ ዘመኑም አንድ ነው። ልዩነቱ አያያዙ ነበር።

በመርከቦቹ የነበረ አንድ የጦር መኮንን በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን ከማንም በላይ ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የባሪያ ነጋዴ እንኳ ሰውን በሕይወት ማድረስ ይጠቅመዋል፤ እዚህ ግን ለካፒቴኖቹ የሚጠቅመው ተቃራኒው ነው። እስረኛው ቶሎ ከሞተ የቀረው ቀለቡ ለነሱ ይተርፋል። የተረፈው ስንቅ ደግሞ ወደብ ላይ ይሸጣል። እንዳለውም መርከቦቹ እንደደረሱ ሱቅ ተከፈተ። ቅኝ ግዛቱ በረሃብ አፋፍ ላይ ስለነበር ዋጋው የማይቀመስ ነበር።

ተቆጣጣሪስ አልነበረም? ነበር፤ በስም። ለሦስቱ መርከቦች አንድ የባሕር ኃይል ወኪል ተመድቧል። እሱም መንገድ ላይ ሞተ። የመርከቦቹን ሐኪሞች የቀጠረው ራሱ ኩባንያው ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተሞከረው ክስ ነበር። የኔፕቱን ካፒቴንና ምክትሉ በ1792 ለንደን ውስጥ በግድያ ተከሰሱ። ነጻ ወጡ። ኩባንያውን የነካው የለም።

የሚያናድደው ሦስተኛው ዙር ነው። ወሬው ለንደን እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። መንግሥት ወሬውን ሳይሰማ ለዚያው ኩባንያ ቀጣዩን ውል ሰጠ። በ1791 ወደ 2,000 የሚጠጉ እስረኞች ተጫኑ፤ ከ150 በላይ ሞቱ። ከአየርላንድ የመጣችው ኩዊን የተባለች መርከብ ላይ እስረኞቹ ቀለባቸው እየተሸረፈ መራባቸው ሲድኒ ላይ በምርመራ ተረጋገጠ። ከሁለተኛው ዙር ይሻላል ከተባለ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ተሞከረ። አንደኛው ክፍያውን ለሁለት መከፋፈል ነው፤ ከፊሉ ሲሳፈሩ፣ ከፊሉ በደህና ሲወርዱ። ሁለተኛው በአንዳንድ መርከቦች ላይ መንግሥት ራሱ የሚመድበው ተቆጣጣሪ መላክ ነው። በ1792 እና በ1793 በተላኩት ጥቂት መርከቦች ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ሆኑና ሞት በጣም ቀነሰ። ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሲነሳ ግን ተቆጣጣሪ የመመደቡ አሠራር አልዘለቀም። የክፍያው ነገር ብቻ ቀረ።

ክፍያው ብቻውን ምን ሠራ?

ሂልስቦሮ የምትባለው መርከብ ለዚህ ጥያቄ መልስ ትሰጣለች። በ1798 መጨረሻ 300 እስረኞች ጫነች። ለባለቤቶቹ በአንድ ሰው 18 ፓውንድ፣ በደህና ለሚወርደው ደግሞ ተጨማሪ 4 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ይከፈላል። የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ የሚለው ማበረታቻ ማለት ይሄ ነው። በሐምሌ 1799 ሲድኒ ስትደርስ 95ቱ ሞተዋል።

ምክንያቱ በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ነው። ከፖርትስመዝ አካባቢ ካሉት ተንሳፋፊ እስር ቤቶች የመጡት እስረኞች በሽታውን ይዘውት ገቡ። አስቀድሞ ያስጠነቀቀ ሐኪም ነበር፤ የሰማው የለም። አንዴ ባሕር ላይ ከወጡ በኋላ የመርከቡ ባለቤት ጉርሻውን ቢፈልገው እንኳ ምን ያደርጋል? ቅማሉ ውል አላነበበም።

ሌላው ቀዳዳ የካፒቴኖቹ የግል ንግድ ነው። በ1802 ከአየርላንድ የደረሰችው አትላስ በካፒቴኗ የግል ሸቀጥ ተጨናንቃ ነበር፤ ከሁለት ሺህ ጋሎን በላይ መጠጥ ጭምር። አየርና ቦታ ያጣው እስረኛው ነው። ከ60 በላይ ሰው ሞተ። የቅኝ ግዛቱ ገዥ መጠጡ እንዳይራገፍ ከለከለ። ይህ በጣም ጥሩ ቅጣት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ኪሱን የሚነካ፣ እዚያው ወደብ ላይ የሚፈጸም። ካፒቴኑ ግን ኋላ በዚያው ቅኝ ግዛት ነጋዴ ሆኖ ኑሮውን መሠረተ።

እነዚህን ሁለት መርከቦች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው ነገሩ ይገባናል። ጉርሻው አነስተኛ ነው፤ ከጠቅላላው ክፍያ አንድ አምስተኛ ያህል። የሚደርሰውም ለባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ለንደን ቁጭ ብሏል። ባሕር ላይ የሚወስነው ካፒቴኑ ነው። ለካፒቴኑ ከጉርሻው ይልቅ አንድ በርሜል ሩም ይበልጥበታል።

ለውጡ የመጣው እንዴት ነው

በ1814 ሦስት መርከቦች ተከታትለው መከራ ይዘው መጡ። ጄኔራል ሂውት 34 ሰው ሞቶባታል። ስሪ ቢስ 9 ሞቶባት 55 ሰው ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሰደደች። ሰሪ የባሰች ነበረች። ተስቦ ገብቶባት 36 እስረኛ አለቀ። ካፒቴኑ፣ ምክትሎቹና ሐኪሙም ሞቱ። መርከቧን የሚነዳ ሰው ጠፍቶ፣ መንገድ ላይ ካገኘቻት ሌላ መርከብ አንድ ባሕርተኛ በፈቃዱ ተሻግሮ ወደብ አደረሳት።

ገዥው ጉዳዩን እንዲያጣራ ያዘዘው አንድ ሐኪም ነበር። ይህ ሐኪም ራሱ በግዞት የመጣ ሰው ነው። በ1797 የባሕር ኃይል አመጽ ተሳትፈሃል ተብሎ ተፈርዶበት ነበር፤ ኋላ ምሕረት አግኝቷል። ጓዳው ውስጥ መታሰር ምን እንደሆነ ከወረቀት አይደለም ያወቀው። መስከረም 30 ቀን 1814 ያቀረበው ሪፖርት አጭርና ተጨባጭ ነው። አየር ይግባ። እስረኛው በየተራ ወደ ላይኛው ወለል ይውጣ። ጓዳው ይጸዳ፣ አልጋው ይናፈስ። ቀለቡ ሳይሸረፍ ይሰጥ። ይህን የሚያስፈጽም የባሕር ኃይል ሐኪም በእያንዳንዱ መርከብ ይመደብ፤ ሥልጣንም ይኑረው።

የመጨረሻዋ ናት ቁም ነገሯ። ከዚያ በፊት በመርከብ ባለቤት የተቀጠረ ሐኪም "ይህ ምግብ አነሰ" ብሎ ቢናገር የሚናገረው ለአሠሪው ነው። ከ1815 ጀምሮ ግን ተቆጣጣሪው ሐኪም ደመወዙን ከመንግሥት ያገኛል። በእስረኞቹ አያያዝ ላይ የሚወስነው እሱ ነው። የታመመን እስረኛ ገና ከመነሻው አላሳፍርም ማለት ይችላል። መርከቡ ሲደርስ ደግሞ የካፒቴኑም የሐኪሙም አያያዝ በገዥው ይመረመራል። ሐኪሙ በየቀኑ መዝገብ ይይዛል። እነዚያ መዝገቦች ዛሬም እንግሊዝ ውስጥ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

ውጤቱ ይታያል። ከ1815 በኋላ ባለው ጊዜ አማካይ ሞት ከመቶ አንድ ገደማ ነበር። ማጋዙ በ1868 ሲያበቃ ወደ አውስትራሊያ የተላኩት 162 ሺህ ያህል ደርሰው ነበር።

ያልተፈታው

ሥልጣን ለሁለት ሲከፈል ጭቅጭቅ አይጠፋም። መርከቡ የካፒቴኑ ነው፤ እስረኛው የሐኪሙ። ነሐሴ 31 ቀን 1833 ሴት እስረኞች የጫነች አምፊትራይት የተባለች መርከብ ፈረንሳይ ጠረፍ ቡሎኝ አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀረቀረች። የብሱ ቅርብ ነበር፤ ሊረዱ የመጡም ነበሩ። ሴቶቹ ግን አልወረዱም። በመርከቧ ኃላፊዎች ዘንድ ያመልጣሉ፣ እኛም የማውረድ ሥልጣን የለንም የሚል ፍርሃት እንደነበር ይነገራል። ከ100 በላይ ሴቶች ከነልጆቻቸው ሰጠሙ። የተረፉት ከመርከበኞቹ 3 ሰዎች ናቸው። በሽታን ለመከላከል የተሠራ ሥርዓት ለእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት መልስ አልነበረውም።

ሌላም አለ። ይህ ሁሉ ማሻሻያ ማጋዙን ቀልጣፋ አደረገው እንጂ ትክክል አላደረገውም። መሬታቸው የተወሰደባቸው የአገሬው ተወላጆች በየትኛውም ውል ውስጥ የሉም። ሟች መቀነሱን ስናደንቅ ይህን መርሳት የለብንም።

ከዚህ ምን እንውሰድ

ለእኔ ትልቁ ነገር ክፍያና ቁጥጥር የሚተካኩ አለመሆናቸው ነው። ብዙ ጊዜ "ማበረታቻውን አስተካክል፣ ቀሪው ራሱ ይስተካከላል" ሲባል እንሰማለን። ሂልስቦሮ ላይ ማበረታቻው ተስተካክሎ ነበር። የጎደለው ቦታው ላይ የሚገኝ፣ ደመወዙን ከተቋራጩ የማይቀበል፣ "አይሆንም" የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ተቆጣጣሪው ጌጥ ነው። የሁለተኛው ዙር ሐኪሞች ቦታው ላይ ነበሩ፤ ግን የኩባንያው ተቀጣሪ ነበሩ። ወኪሉ የመንግሥት ሰው ነበር፤ ግን ለሦስት መርከብ አንድ ነበር።

ይህን ሳነብ ወደ ዓረብ አገር የሚላኩ እህቶቻችን ጉዳይ ትዝ ይለኛል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እነሱ እስረኛ አይደሉም፣ ሥራ ፈልገው ነው የሚሄዱት። የገንዘቡ አቅጣጫ ግን ይመሳሰላል። ኤጀንሲ ገቢውን የሚያገኘው ሠራተኛዋ ስትሄድ ከሆነ፣ ከሄደች በኋላ የሚደርስባት ነገር ከሒሳቡ ውጭ ነው። አዋጅ 923/2008 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ኤጀንሲዎች የገንዘብ ዋስትና እንዲያስይዙ ማድረጉ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ጥሩ ነው። ግን ከላይ እንዳየነው ዋስትናው ለብቻው አይበቃም። ልጅቷ ያለችበት ከተማ ላይ፣ ስልኳን የሚያነሳ፣ ከኤጀንሲውም ከአሠሪዋም ደመወዝ የማይበላ ሰው መኖር አለበት።

ውል የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ሦስተኛውን ዙር ያስታውስ። የመጀመሪያው ሥራ ውጤት ሳይታወቅ ቀጣዩን መፈረም በመሥሪያ ቤቶቻችንም የተለመደ ነው፤ በጀት ሊዘጋ ነው እየተባለ። ወሬው ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ የሁለተኛው ውል መፈረሚያም መዘግየት ነበረበት።

ጉርሻውን ለማን እንደምትሰጡም እዩ። ለንደን ላለው ባለቤት የሚሰጥ ገንዘብ ባሕር ላይ ያለውን ካፒቴን አላንቀሳቀሰውም። አትላስ ላይ የመጠጡ መታገድ የተሰማው ግን ለካፒቴኑ ነው።

የመጨረሻው ስለ ቆጠራ ነው። "በሕይወት የወረደ" ብለን ስንከፍል ቆጠራው ወደቡ ላይ ያበቃል። ሁለተኛው ዙር ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው 267 የሚለውን ቁጥር ነው። ታመው ከወረዱት ውስጥ 124ቱ ሲድኒ ሆስፒታል ውስጥ ሞተዋል። የገደላቸው ያው መርከብ ነው። እኔ የዚያን ጉዞ ሟቾች ስጽፍ 391 ብዬ ነው የምጽፈው።